ርካሽ የካሴት ቪዲዮ ካሜራ ልግዛ ወይስ ይቅርብኝ? ባሕር ዳር ውስጥ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

በየሳምንቱ አንድ ሁለት ሰው አሮጌ ቪዲዮ ካሜራ በፌስታል ይዞ፣ ወይም ፎቶውን በስልክ ልኮ «ይሄ ነገር ይገዛል?» ይለኛል። ድሮ እዚሁ ባሕር ዳር ሰርግና ክርስትና በካሴት እቀርጽ ነበር፤ አሁን የሰው ካሴት ወደ ፍላሽና ሃርድ ዲስክ እገለብጣለሁ። አንድ መልስ ደጋግሜ ስናገር ስለሰነበትኩ እዚህ ጽፌ አስቀምጬዋለሁ። ከታች የምጠቅሳቸው ዓመተ ምሕረቶች ሁሉ የፈረንጅ ናቸው።

ስልኬ ከዚህ ካሜራ የተሻለ ይቀርጻል። ታዲያ ምን ያደርግልኛል?

ለመቅረጽ ከሆነ ብዙም አያደርግላችሁም። ነገሩ ወዲህ ነው፦ ካሜራው ካሴት ያነባል፣ ስልካችሁ አያነብም። ቁም ሳጥን ላይ በጨርቅ ተጠቅልሎ የተቀመጠ የእናትና የአባት ሰርግ፣ ዘጌ ለንግሥ በጀልባ የተሄደ ጊዜ የተቀረጸ፣ ወይም ዛሬ የሌሉ አያት ድምፅ ያለበት ካሴት ካላችሁ፣ እሱን የሚያጫውት መሣሪያ ከዓመት ዓመት እየጠፋ ነው። የቪኤችኤስ ዴክ (የትልቁን ካሴት ማጫወቻ) ሲሠራ የቆየው የመጨረሻው አምራች፣ የጃፓኑ ፉናይ፣ በጁላይ 2016 ሥራውን አቁሟል። ለትንንሾቹ የ8 ሚሊ ሜትር ካሴቶች ደግሞ ድሮም በየቤቱ ዴክ አልነበረም፤ የቀረጸው ካሜራ ራሱ በኬብል ከቴሌቪዥን ጋር እየተያያዘ ነበር የሚያጫውተው።

ስለዚህ ርካሽ የካሴት ካሜራ ስትገዙ ዴክ እየገዛችሁ እንደሆነ አድርጋችሁ ገምቱት። ከታች የምለው ሁሉ ከዚህ ይነሳል። (ዴክ ስል ደቅ ደሴትን ማለቴ አይደለም። አንዱን የዘጌ ልጅ «ዴክ አላችሁ?» ብለው «አዎ፣ አጎቴ እዚያ ነው» ብሎኝ ያውቃል።)

ቤታችሁ አንድም ካሴት ከሌለና እንዲሁ የድሮው ምስል መልኩ ደስ ብሏችሁ ከሆነ፣ እሱ የፍላጎት ነገር ነው። ብቻ ከኪሳችሁ ቢወጣ የማያስቆጫችሁን ያህል ክፈሉ።

ካሜራው የትኛውን ካሴት እንደሚወስድ በምን ልወቅ?

በካሴቱ መጠን። ትልቁ፣ መጽሐፍ የሚያክለው ቪኤችኤስ ነው። ጄቪሲ በ1976 ያወጣው ሲሆን በትከሻ የሚያዙት ትልልቅ ካሜራዎች ይህንኑ ይጎርሳሉ። ቪኤችኤስ-ሲ የእሱ ታናሽ ነው፤ ክሩ ያው 12.7 ሚሊ ሜትር ስፋት አለው፣ ያነሰው ቤቱ ብቻ ነው። ቀጥሎ ክሩ 8 ሚሊ ሜትር የሆነው ቪዲዮ ኤይት አለ፤ ሶኒ በ1985 በዚህ ካሴት የሚሠራ የእጅ ካሜራ አወጣ። የተሻሻለው ሃይ ኤይት በ1989 መጣ። እነዚህ ሁሉ አናሎግ ናቸው። ከክብሪት ቀፎ ትንሽ የሚበልጠው፣ በ1995 የወጣው ሚኒ ዲቪ ዲጂታል ስለሆነ ሌላ ወሬ ነው።

ሰው የሚሳሳተው 8 ሚሊ ሜትሩ ላይ ነው። ቪዲዮ ኤይት፣ ሃይ ኤይትና በ1999 የመጣው ዲጂታል ኤይት ካሴታቸው በመልክ አንድ ነው። ሁሉም ሁሉም ጋ ይገባል፤ ገባ ማለት ግን ተጫወተ ማለት አይደለም። የሃይ ኤይት ካሜራ በቪዲዮ ኤይት የተቀረጸውን ያጫውታል፤ የቪዲዮ ኤይት ካሜራ ግን በሃይ ኤይት የተቀረጸውን በወጉ አያሳይም። ከዲጂታል ኤይት አንዳንዱ ሞዴል ሦስቱንም ያጫውታል፣ አንዳንዱ የራሱን ብቻ። ይህን እኔ በገንዘቤ ነው የተማርኩት። አንድ የሃይ ኤይት ሰርግ ለመገልበጥ ብዬ ጭረት የሌለው፣ ቦርሳው ሳይቀር አዲስ የሆነ የቪዲዮ ኤይት ካሜራ ገዛሁ። ሙሽራዋ ስትመጣ ምስሉ እንደ ተቀደደ ነጠላ ሆኖ ወጣ። ካሜራው ምንም አልነበረውም፤ ጥፋቱ የኔ ነበር።

ከዚህ የሚወጣው ትምህርት ቀላል ነው። መጀመሪያ ቤታችሁ ያሉትን ካሴቶች አውጥታችሁ የተጻፈባቸውን አንብቡ፣ ከዚያ ካሜራ ፈልጉ። ብዙ ሰው ተገላቢጦሽ ይሄዳል።

አንድ ነገር ልጨምር። ቪኤችኤስ-ሲ በትልቁ ካሴት ቅርጽ በተሠራ ማቀፊያ ውስጥ ገብቶ በተራ ዴክ ይጫወታል። ለ8 ሚሊ ሜትር ግን እንዲህ ያለ ማቀፊያ የለም፤ ክሩ ጠባብ ነው፣ ዴኩ ሊያነበው አይችልም። «አዳፕተሩን አመጣልሃለሁ፣ ቀብድ ስጠኝ» የሚል ደላላ ካጋጠማችሁ ቀብዳችሁን ያዙ።

ዘመድ ከአሜሪካ ያመጣው ካሜራ ነው። ይሠራልኛል?

የሚሠራም የማይሠራም ነው። አሜሪካና ጃፓን ኤንቲኤስሲ በሚባለው ሥርዓት ይቀርጻሉ፦ 525 መስመር፣ በሴኮንድ 30 ገደማ ምስል። እኛ ጋ፣ እንደ አብዛኛው አውሮፓ፣ ፓል ነው፦ 625 መስመር፣ በሴኮንድ 25 ምስል። በአሜሪካ ካሜራ እዚሁ ጣና ዳር ቆማችሁ ብትቀርጹም ካሴቱ ላይ የሚገባው የአሜሪካው ነው። ያንን አሮጌው ባለ ጎባጣ መስታወት ቴሌቪዥን ላይ ስትከፍቱት ምስሉ ቀለም አልባ ይሆናል ወይም ወደ ላይ ይንከባለላል። የአሁኖቹ ጠፍጣፋ ቴሌቪዥኖች አብዛኛውን ጊዜ ሁለቱንም ይቀበላሉ።

የሚያስቸግረው የካሴቱ ጉዳይ ነው። ባለፈው ዓመት አንዲት እናት 11 የ8 ሚሊ ሜትር ካሴትና ልጃቸው ከአሜሪካ የላከላቸውን ካሜራ ይዘው መጡ። ካሜራው ደህና ነው፣ ካሴቶቹም ደህና ናቸው፤ አንድ ላይ ሲሆኑ ግን መስመር ብቻ ነው የሚታየው። ካሴቶቹ በ1990ዎቹ እዚህ አገር በፓል ካሜራ የተቀረጹ ናቸዋ! «ልጄ፣ ታዲያ ያገሬን ቋንቋ የማይሰማ ካሜራ ምን ያደርግልኛል?» አሉኝ፤ ከዚህ የተሻለ አስረጂ እስካሁን አላገኘሁም። በሰው ፓል ካሜራ ገለበጥንላቸው። የላከው ልጅ እንዳያዝን ያኛውን ካሜራ ሳሎን አስቀምጠውታል።

እንግዲህ ያሏችሁ ካሴቶች እዚህ የተቀረጹ ከሆኑ ፓል ካሜራ፣ ከአሜሪካ የመጡ ከሆኑ ኤንቲኤስሲ ካሜራ ፈልጉ። ከካሜራው ሥር ያለው የብረት ወይም የወረቀት ምልክት ላይ የትኛው እንደሆነ ተጽፏል።

ስለ መብራቱም አትርሱ። የአሜሪካ ግድግዳ 120 ቮልት ነው፣ የኛ 220። ቻርጀሩ ላይ «ከ100 እስከ 240 ቮልት» የሚል ካለ የሶኬት መለወጫ ብቻ ይበቃዋል። «120 ቮልት» ብቻ ከሆነ በቀጥታ ከሰካችሁት ሽታው ይነግራችኋል። የአሜሪካ ካሜራ በኛ የፍሎረሰንት መብራት ሥር ሲቀርጽ ምስሉ ይርገበገባል፤ መብራታችን በሴኮንድ 50 ዑደት፣ ካሜራው ለ60 ዑደት የተሠራ ስለሆነ ነው።

ሻጩ ቆሞ እየጠበቀኝ በአስር ደቂቃ ውስጥ ምን ምኑን ልፈትሽ?

ሁለት ካሴት ይዛችሁ ሂዱ። አንዱ ጥሩ ሆኖ መጫወቱን የምታውቁት፣ ቢበላም የማያስለቅሳችሁ ካሴት ነው። ሌላው ሊቀረጽበት የሚችል። በአባታችሁ ለቅሶ ካሴት ካሜራ የሚፈተንበት ምክንያት የለም፤ ይህን የምለው ያደረገ ሰው ስላየሁ ነው።

መጀመሪያ ባትሪ የሚገባበትን ቦታ እዩ። አረንጓዴ ወይም ነጭ ዱቄት ካለ ባትሪ ፈስሶበታል። ከዚያ አሽትቱት። ቀልድ እንዳይመስላችሁ፦ ከ1980ዎቹ መጨረሻ እስከ 1990ዎቹ መጀመሪያ የተሠሩ ብዙ ትንንሽ ካሜራዎች ውስጥ ያሉት ካፓሲተሮች (ቦርዱ ላይ ያሉ ኤሌክትሪክ የሚይዙ ትንንሽ ክፍሎች) ፈሳሻቸው ወጥቶ ቦርዱን ይበላሉ፤ ሽታው የዓሣ ነው። ጣና ዳር ቀረሶ ከሚጠበስበት አጠገብ ካልቆማችሁ በቀር የዓሣ ሽታ ከካሜራ መምጣት የለበትም። ድምፁ ጠፍቶ ከሆነ፣ የዓይን መመልከቻው ከጨለመ፣ ዙሙ ባለበት ከቀረ፣ ብዙ ጊዜ ምክንያቱ እሱ ነው። የሚቀይርላችሁ ሰው ከሌለ ተዉት።

ቀጥሎ መብራት ሰክታችሁ ካሴት ሳታስገቡ ከፈት ዘጋ አድርጉት። የካሴቱ በር ሳያስቸግር ወርዶ መቀመጥ አለበት፤ የሚታገላችሁ ከሆነ ውስጡ ያለው ላስቲክ ወይም ጥርስ ተበላሽቶ ሊሆን ይችላል። ካሴቱን አስገቡና ጆሮ ስጡ። ክሩን አውጥቶ ሄዱ (ክሩን የሚያነበው፣ የሚዞር ከበሮ ላይ ያለው ክፍል) ላይ ሲጠመጥም አጭር የሞተር ድምፅ ትሰማላችሁ፣ ከዚያ ወጥ የሆነ እዝዝታ ይቀጥላል። በፓል የ8 ሚሊ ሜትር ካሜራ ያ የሚዞረው ከበሮ በደቂቃ 1,500 ጊዜ ይሽከረከራል። እየተቆራረጠ የሚያጉረመርም ወይም የሚፋጭ ድምፅ ካለ አውጡት።

ሲጫወት ምስሉ ላይ በረዶ የመሰለ ነጭ ነጥብ ካለ ሄዱ ቆሽሾ ሊሆን ይችላል፤ እሱ ይጸዳል፣ ለዋጋ መከራከሪያም ይሆናችኋል። ግማሹ ንጹሕ ግማሹ የተጎተተ ከሆነ ግን የክሩ መንገድ ተዛብቷል፤ የካሜራን የክር መንገድ የሚያስተካክል ሰው ማግኘት ደግሞ አንድ ሥራ ነው። ወደ ፊትና ወደ ኋላ እስከ ጫፍ አጠንጥኑት። ከዚያ አንድ ደቂቃ ቀርጻችሁ፣ ያንኑ መልሳችሁ አጫውቱ፤ ድምፁንም አዳምጡ። የቀረጸውን ራሱ ብቻ የሚያነብ፣ የሌላ ካሜራ ካሴት የማያነብ ካሜራ አለ፤ ለዚህ ነው የምታውቁትን ካሴት ይዛችሁ ሂዱ ያልኩት።

የኬብሉን ነገር አትዝለሉት። ቢጫው ምስል፣ ነጩና ቀዩ ድምፅ ነው። አንዳንዱ ካሜራ የጆሮ ማዳመጫ መሰኪያ የሚመስል ቀዳዳ አለው፤ ቅርጹ የገጠመ ኬብል ሁሉ ውስጡ አንድ አይደለም፣ የሽቦዎቹ አቀማመጥ ከአምራች አምራች ይለያያል። ምስል በድምፁ ሽቦ ሲመጣ «ካሜራው ተበላሽቷል» ተብሎ በነፃ የተሰጠኝ አንድ ካሜራ አለ፤ እስካሁን ይሠራል።

ሰዓቱን በየጊዜው አስተካክል ካላችሁ ያ ብልሽት አይደለም። ውስጡ ያለችው የሳንቲም ባትሪ ስላለቀች ነው።

ሻጩ «ባትሪው ብቻ ነው የሞተው» ይለኛል። ልመነው?

አባባሉ እውነት ሊሆን ይችላል፤ ግን መብራት ሰክቶ ካላሳያችሁ አትመኑት። «ባትሪ ብቻ ነው» ማለት «አልሞከርኩትም» ማለት የሆነበት ጊዜ ብዙ ነው።

የድሮዎቹ ኒኬል-ካድሚየም ባትሪዎች አሁን በአብዛኛው ሞተዋል፣ አዲስ ማግኘትም ያስቸግራል። በ1990ዎቹ አጋማሽና በኋላ የወጡት የሶኒ ካሜራዎች ብዙዎቹ ኤንፒ-ኤፍ የሚባለውን የሊቲየም ባትሪ ይወስዳሉ፤ ይሄ እድላችሁ ነው። ለምን ብትሉ፣ ዛሬ ሰርግ የሚቀርጹ ልጆች የሚይዙት የኤልኢዲ መብራት በዚሁ ባትሪ ይሠራል፤ ስለዚህ አዲሱ አሁንም ይመረታል። ፎቶ ቤት ጠይቁ።

ደግሞም ካሴት ለመገልበጥ ባትሪ አያስፈልጋችሁም፣ ካሜራው ከግድግዳ ይሠራል። ባትሪ የሚጠቅመው መብራት ድንገት ሲጠፋ ክሩ ከበሮው ላይ እንደተጠመጠመ እንዳይቀር ነው። የመብራቱ ነገር ለምታውቁት ሰዎች ከዚህ በላይ አላብራራም።

ታዲያ ስንት ልክፈል?

ቁርጥ ዋጋ ብናገር ነገ ይለወጣል፤ ይልቅ እኔ የምገምትበትን መንገድ ልንገራችሁ። ካሴቶቻችሁን ቁጠሩ። ከተማ ውስጥ አንድ ካሴት ለመገልበጥ ስንት እንደሚያስከፍሉ ሁለት ሦስት ቦታ ጠይቁና አባዙ። ለስሌት እንዲመች ብቻ፦ 20 ካሴት አለ፣ አንዱ በ400 ብር ይገለበጣል እንበል፤ 8,000 ብር ነው። በሌላ በኩል ካሜራው 3,500፣ ወደ ኮምፒውተር ማስገቢያዋ መሣሪያ 1,500፣ ቻርጀርና ኬብል 800 ከሆነ 5,800 ይመጣል። 2,200 ብር ተረፈ ማለት ነው፣ ግን 20 እና 30 ሰዓት ቁጭ ብላችሁ ትገለብጣላችሁ። ይሄ ሰዓት ለእናንተ ደስታ ከሆነ ግዙ። ለሦስት ካሴት ብላችሁ ግን ካሜራ አትግዙ፤ አስገልብጡና ተገላገሉ። ገበያዬን ለማድመቅ ያልኩት የሚመስለው ካለ ሌላ ቦታ ይውሰደው፣ ሒሳቡ ያው ነው።

ሰው ዋጋ የሚሰጠውና እኔ ዋጋ የምሰጠው ነገር ለየቅል ነው። ሌንሱ የተሰነጠቀ፣ ስክሪኑ የጠቆረ፣ መያዣው በፕላስተር የታሰረ፣ ግን ካሴት ጥርት አድርጎ የሚያጫውት ካሜራ በጣም ጥሩ ግዢ ነው፤ ሻጩ እንደ ቁራጭ ነው የሚያየው፣ እናንተ የምትፈልጉት ደግሞ የሚሠራውን ግማሹን ነው። በተቃራኒው ቆዳ ቦርሳ ውስጥ የተቀመጠ፣ የሚያብረቀርቅ፣ መመሪያው ሳይቀር ያለው፣ ግን ካሴት የማይጎትት ካሜራ አለ። በሬ ሆይ ሳሩን አይተህ ገደሉን ሳታይ የሚባለው ለዚህ ነው።

«400 ጊዜ ያጎላል» ለሚል ጽሑፍ ሳንቲም አትጨምሩ። በመስታወቱ የሚያጎላው 10 ወይም 20 እጥፍ ነው፤ የተረፈው ምስሉን መለጠጥ ብቻ ነው። ለሃይ ኤይት ግን ከቪዲዮ ኤይት በላይ መክፈል ተገቢ ነው፣ ሁለቱንም ስለሚያነብ። የአናሎጉን የሚያጫውት ዲጂታል ኤይት ካገኛችሁ ደግሞ ከሁሉም በላይ ክፈሉ፤ ምስሉን ራሱ ወደ ዲጂታል ቀይሮ በፋየርዋየር ኬብል ያወጣዋል፣ የሚንቀጠቀጠውንም ብዙ ጊዜ ያረጋጋዋል። ለዚያ ኬብል መሰኪያ ያለው ኮምፒውተር ግን አስቀድማችሁ ፈልጉ፤ አዲሶቹ ላፕቶፖች የላቸውም።

ሌላ መንገድም አለ። ሦስት ጎረቤት ሆናችሁ አንድ ካሜራ በጋራ መግዛት። የዕድር ድንኳን በጋራ ይገዛ የለ? ሽምብጥ ውስጥ እንዲህ ያደረጉ ሰዎች አውቃለሁ፤ ካሜራው ከቤት ቤት እየዞረ ነው።

ምስሉ ምን ያህል ጥሩ ነው?

ልክ ያኔ እንደነበረው ነው፤ እኛ ነን የተለወጥነው። ቪኤችኤስና ቪዲዮ ኤይት በአግድም 240 መስመር ገደማ ዝርዝር ይይዛሉ፣ ሃይ ኤይት 400 ገደማ። ወደ ኮምፒውተር ስታስገቡት በፓል 720 በ576 ነጥብ ይሆናል። የተለመደው ስልክ 1,920 በ1,080 ይቀርጻል። ትልቅ ቴሌቪዥን ላይ ደብዘዝ ብሎ ቢታያችሁ ካሜራውን አትውቀሱ።

በጨለማ ደካማ ነው። በሻማና በጧፍ ብቻ የበራ ማኅሌት ውስጥ ቀለሙ ቡናማ ሆኖ ይዋጣል። በቀን፣ በተለይ ጥምቀት ላይ ፀሐይ ወጥቶ ታቦት ሲወጣ፣ ጃንጥላዎቹና አልባሳቱ ግን ዛሬም ያምራሉ። ድምፁን አትናቁት፤ ቪዲዮ ኤይትና ሃይ ኤይት ከተራው ቪኤችኤስ-ሲ የጠራ ድምፅ ይይዛሉ። የብዙ ሰው እንባ የሚመጣው ደግሞ ከምስሉ ሳይሆን ከድምፁ ነው።

የባሕር ዳር አየር ለካሜራና ለካሴት ክፉ ነው ይባላል። እውነት ነው?

ክረምቱ ክፉ ነው። ካሜራ ብርድ ላይ ቆይቶ ድንገት ሙቀትና እርጥበት ውስጥ ሲገባ ከበሮው ላይ ጤዛ ይቋጠራል፤ ክሩ ተጣብቆ ይቀራል፣ ይቀደዳል። ማታ ከደብረ ታቦር ብርድ ተጭኖ ባሕር ዳር የደረሰ ካሜራ ወዲያው አይከፈትም። ብዙዎቹ ካሜራዎች የጤዛ ማስጠንቀቂያ ያሳያሉና አሻፈረኝ ሲላችሁ አትታገሉት፤ ካሴቱን አውጡ፣ በሩን ከፍታችሁ ቢያንስ አንድ ሰዓት ተዉት። ጢስ እሳት ፏፏቴ አጠገብ ከሚበነው ውኃም አርቁት።

ካሴት ላይ የሚመጣው ሌላ ጣጣ ሻጋታ ነው። በካሴቱ መስኮት በስልክ መብራት እዩ፤ የተጠመጠመው ክር ጠርዝ ጥቁርና ለስላሳ መሆን አለበት። ነጭ ብናኝ ወይም የሸረሪት ድር የመሰለ ካለ ያንን ካሴት ካሜራችሁ ውስጥ አታስገቡት። ሻጋታው ሄዱን ያበላሻል፣ ቀጥሎ ለምታስገቡት ካሴትም ይተላለፋል። ለሚያጸዳ ሰው ስጡት።

ካሴቶቹን እስከ ጫፍ አጠንጥናችሁ፣ እንደ መጽሐፍ አቁማችሁ፣ ከስፒከርና ከማግኔት አርቃችሁ፣ ከወለል ከፍ አድርጋችሁ አስቀምጡ። ቡና የሚፈላበትና ዕጣን የሚጨስበት ጥግ ጥሩ ቦታ አይደለም። «ሩዝ ውስጥ ቅበረው» የሚለውን ምክርም አትስሙ፣ የሩዝ ዱቄት ማርሽ ውስጥ ሲገባ አይቻለሁ። የካሜራውን የዓይን መመልከቻ ፀሐይ ወደሚገባበት መስኮት አዙራችሁ አትተዉ፤ መስታወቱ እንደ አጉሊ መነጽር ሆኖ ውስጡን ያቃጥለዋል።

ካሜራው ካሴቴን በላብኝ! ምን ላድርግ?

አትጎትቱት። ደጋግማችሁም የማውጫውን ቁልፍ አትጫኑ። መብራቱን ነቅላችሁ ትንሽ ቆዩና መልሳችሁ ሰክታችሁ አንድ ጊዜ ብቻ ሞክሩ፤ ብዙ ካሜራ ራሱን አስተካክሎ ይተፋዋል። ካሴቱ ወጥቶ ክሩ ውስጥ ከቀረ ሳትቆርጡ ለጥገና ባለሙያ ውሰዱ። የተጨማደደ ክር ያ ቦታ ላይ ለጥቂት ሴኮንድ ምስሉ ይረበሻል እንጂ የተረፈው ይድናል። የተቆረጠም ይቀጠላል፤ በተራ የቢሮ ፕላስተር ግን አይደለም፣ ሙጫው ሄዱን ይጨርሰዋል።

ሄድ ስታጸዱ ንጹሕ አልኮልና የማይበጠስ ለስላሳ ጨርቅ ወይም ቆዳ ተጠቀሙ። ከበሮው በሚዞርበት አቅጣጫ ብቻ፣ ወደ ላይና ወደ ታች በፍጹም አታሹት። የጆሮ ጥጥ ቃጫው ሄዱ ላይ ይቀራል፣ አንዳንዴም ሄዱን ይነቅላል። አረቄ አይሆንም፤ የጠየቀኝ ስላለ ነው።

ወደ ኮምፒውተር የማስገባው እንዴት ነው?

ቢጫ፣ ነጭና ቀይ መሰኪያ ያላት፣ በሌላኛው ጫፍ ኮምፒውተር ላይ የምትሰካ ትንሽ መሣሪያ ትገዛላችሁ። ፕሮግራሙ ላይ ፓል ወይም ኤንቲኤስሲ የሚለውን ከካሴቱ ጋር አስማሙ፤ ምስል ጥቁርና ነጭ ሆኖ ለሚመጣባችሁ ብዙ ጊዜ መልሱ ይሄ ነው። የአንድ ሰዓት ካሴት አንድ ሰዓት ይፈጃል፣ ማፍጠኛ የለውም። በፋየርዋየር የመጣ የዲቪ ፋይል ለአንድ ሰዓት 13 ጊጋባይት ይይዛል፤ በትንሿ መሣሪያ ጨምቃችሁ ብታስገቡት ከ2 እስከ 3 ጊጋባይት ይበቃዋል።

ሰው ሲንቀሳቀስ ጠርዙ እንደ ማበጠሪያ ጥርስ ሆኖ ከታየ አትደንግጡ። አናሎግ ምስል መስመሮቹን እያዘለለ ሁለት ጊዜ ስለሚልክ ነው፤ በኋላ በማስተካከያ ፕሮግራም ይዋሐዳል። ላፕቶፕ ከዴስክቶፕ ይሻላል፣ ምክንያቱን ስለ ባትሪ ስናገር ጠቅሼዋለሁ። ሲያልቅ ሁለት ቦታ አስቀምጡት፦ አንዱ ቤታችሁ፣ ሌላው ሌላ ከተማ ያለ ዘመድ ጋ። ካሴቱንም አትጣሉት።

ባዶ ካሴት አገኛለሁ? ሰርግስ ብቀርጽበት?

ባዶ አዲስ ካሴት ብርቅ ነው። ያገለገለ ላይ ደርባችሁ ብትቀርጹ ይሠራል፤ ግን መጀመሪያ ምን እንዳለበት እስከ መጨረሻው እዩ። በፓል የተለመደው የ8 ሚሊ ሜትር ካሴት 90 ደቂቃ፣ የቪኤችኤስ-ሲ ካሴት 45 ደቂቃ ይይዛል። በዝግታ እያስኬዱ እጥፍ ማድረግ ይቻላል፤ ጥራቱ ይወርዳል፣ በሌላ ካሜራ ማጫወቱም ይከብዳል፣ ስለዚህ አልመክርም።

ሰርግ? ለሰው ሰርግ አይሆንም።

ካሴቶቼን ገልብጬ ጨርሻለሁ። ካሜራውን ምን ላድርገው?

ሽጡት ወይም ካሴት ላለው ሰው ስጡት፤ እየሠራ ሳለ ፈላጊ አያጣም፣ ቁም ሳጥን ውስጥ ዓመት ሁለት ዓመት ሲቀመጥ ግን ላስቲኩ ይደርቃል። ስትሸጡ ባትሪውን አውጡ፤ ከሁሉ በፊት ደግሞ በሩን ከፍታችሁ ውስጡን እዩ።

ከጥቂት ዓመት በፊት ፋሲሎ አካባቢ «አይሠራም» ተብሎ የተሸጠልኝን ካሜራ ስፈታ ውስጡ አንድ ካሴት ተቀርቅሮ አገኘሁ። ክሩን በጣቴ አጠንጥኜ አወጣሁትና በሌላ ካሜራ አጫወትኩት። የጥምቀት ቀን ነው፤ አንዲት ትንሽ ልጅ ነጭ ቀሚስ ለብሳ ሐይቁ ዳር ቆማ ታንኳ ትቆጥራለች፣ ሰባት ላይ ስትደርስ ከካሜራው ኋላ የወንድ ድምፅ «ስምንት» ይላታል። የሸጠልኝን ሰው ጠየቅሁት፣ እሱም ከሌላ ነው የገዛው። ልጅቷ አሁን ትልቅ ሰው ሆናለች። ካሴቱ መደርደሪያዬ ላይ ለብቻው አለ፤ ሰባት ቆጥራ የቆመችው ልጅ እኔ ነኝ የምትል ከመጣች ያለ ክፍያ እሰጣታለሁ።